መምህሩ ወደ ሠረገላው ይውጣ

በማኅበሩ የመቶኛ ዓመት መታሰቢያ በዓል ላይ በልጆች ትምህርት በሚያገለግል አንድ ዲያቆን የተነገረ ቃል

ብፁዓን አባቶቼ፥ ክቡራን መነኮሳትና መነኮሳይያት፥ ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ከሩቅ አገር የመጣችሁ ምእመናን፤

ይህ ማኅበር መቶ ዓመት ሙሉ በቅድስት አገር ጸንቶ ስለ መኖሩ ሊናገሩ የሚገባቸው ሊቃውንት አባቶች ሳሉ፥ በዕድሜም በዕውቀትም የማንስ እኔ በፊታችሁ እንድቆም መታዘዜ አስደንግጦኛል። የታዘዝሁት ግን የገዳሙን ታሪክ እንድተርክ አይደለም። አንድ ጀማሪ መምህር ወደ እርሱ የሚመጡትን ልጆች ሁሉ፥ ማንንም ከደጅ ሳያስቀር፥ እንዴት ተቀብሎ ሊያስተምር እንደሚገባው ያሰብሁትን እንድገልጽ ነው። ያሰብሁት ጥቂት ነው፤ እርሱም ቢሆን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት የተማርሁት ነው። ስለዚህ ንግግሬን በጥፋቴ እጀምራለሁ።

በ2010 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት በዚህች በኢየሩሳሌም ከተማ እሑድ እሑድ ለሕፃናት ፊደል እንዳስተምር ታዘዝሁ። ክፍሉ ጠባብ፥ ልጆቹ ግን ብዙ ዓይነት ነበሩ። አንዳንዶቹ በቤታቸው አማርኛ የሚናገሩ፥ አንዳንዶቹም ትግርኛ የሚናገሩ ናቸው። የሚበዙት በአዘቦት ቀን በዕብራይስጥ እየተማሩ ያደጉ ስለ ሆኑ፥ አማርኛን ይሰሙታል እንጂ አይመልሱበትም። ዕድሜያቸውም ከአምስት ዓመት እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ይደርስ ነበር። እኔም ገና አዲስ በመሆኔ፥ መልካም ክፍል ማለት ጸጥ ያለ ክፍል ማለት ይመስለኝ ነበርና፥ ሁሉንም በአንድ ረድፍ አስቀምጬ፥ ሁሉም በአንድ ድምፅ እንዲሉ፥ በአንድ ቀንም አንድ ዓይነት እንዲያጠኑ አዘዝሁ።

ከዕለታት በአንዱ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተነሥቶ እንዲያነብ ጠራሁት። ልጁም መጠቆሚያውን እንጨት ተቀብሎ፥ በፊደል ገበታው በመጀመሪያው መሥመር በቀኝ ጫፍ ላይ አኖረውና፥ «ሆ፥ ህ፥ ሄ፥ ሃ፥ ሂ፥ ሁ፥ ሀ» እያለ ወደ ግራ አነበበ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም በፊደል የሚያላግጥ መስሎኝ፥ «ይህ መጫወቻ አይደለም» ብዬ ገሠጽሁት፤ ትምህርቱ እስኪያልቅም ከበሩ አጠገብ እንዲቆም አደረግሁት። ልጁ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ነገሩን የሚያስረዳበት አማርኛ አልነበረውም። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ በሦስተኛውም እሑድ አልመጣም።

ይህንኑ ነገር ለአንድ አረጋዊ አባት ነገርኋቸው። የነገርኋቸውም ንስሐ ለመግባት ሳይሆን፥ የዛሬ ልጆች ሥርዓት እንደሌላቸው ለማማረር ነበር። አባ እስከ መጨረሻው በጸጥታ ካዳመጡኝ በኋላ፥

«ልጄ፥ ከሆ እስከ ሀ ሲያነብ የሳተው ፊደል አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም፥ አባ» አልሁ።

«እንግዲህ ስማ። እኔን የኔታ ፊደል ሲያስተምሩኝ፥ በቃሌ ሸምድጄው እንደ ሆነ ወይም በዓይኔ ለይቼው እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ ያስነብቡኝ ነበር፤ ቁልቁልም ሽቅብም ያስጠሩኝ ነበር። አቡጊዳም ፊደሉን አዘበራርቃ የምታስነብበው ለዚሁ ነው። እኔ ብዙ ወር ደክሜ የደረስሁበትን ፈተና ይህ ልጅ ባንድ ቀን አልፎ ሳለ፥ አንተ ከበር አቆምኸው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲነበብ በዚህች ከተማ ያለው የሱቅ ጽሕፈት ሁሉ ሊያስተምርህ ይችል ነበር።»

እኔም አፍሬ ዝም አልሁ። አባ ግን በዚህ አልተዉኝም። «አንተ ዲያቆን ነህ፤ ፊልጶስም ዲያቆን ነበር። ዛሬ ማታ የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 8ን አንብብና፥ ፊልጶስ ሲያስተምር የት እንደ ተቀመጠ አይተህ ነገ ንገረኝ» ብለው አሰናበቱኝ።

ክቡራን አባቶቼ፥ ይህን ምዕራፍ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የንግሥት ህንደኬ ባለሥልጣን፥ በገንዘቧም ሁሉ ላይ የሠለጠነ ሰው ነበረ። ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ ሲመለስ፥ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ይህን ታሪክ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁት የአገራችንን ክብር ስለሚናገር ነበር። በዚያች ሌሊት ግን እንደ መምህር አነበብሁት፤ ፊልጶስ ያደረገውን በቅደም ተከተል ስመለከት እኔ ያላደረግሁትን ሁሉ አገኘሁበት።

ፊልጶስ በመጀመሪያ ሮጦ ቀረበ፤ ተማሪው ወደ እርሱ እስኪመጣ አልጠበቀም። ቀጥሎ ሲያነብ ሰማው፤ ሳይሰማው አልተናገረም። ከዚያም የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም መሪ እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ነገረው፤ ያሳፈረው ሰው አልነበረምና። ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ በለመነው ጊዜ፥ ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከአጠገቡ ተቀመጠ። በመጨረሻም ትምህርቱን የጀመረው ራሱ ከመረጠው ቦታ ሳይሆን፥ ሰውየው ከሚያነበው ከዚያው ቃል ነው። ከሠረገላው አላወረደውም፤ መጽሐፉንም አላስዘጋውም።

ሌላም ነገር አለ። ጃንደረባ ወደ ጉባኤ እንዳይገባ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ተከልክሎ ነበር። ይህ ሰው በዜግነቱ እንግዳ፥ በአካሉም ከጉባኤ የተለየ ነበረ። ያነብ የነበረውም የኢሳይያስ መጽሐፍ ምዕራፍ 53 ነው። ከዚያ ሦስት ምዕራፍ ያህል ቢቀጥል፥ በምዕራፍ 56፥ እግዚአብሔር ለመጻተኛውና ለጃንደረባው በቤቱ ውስጥ ስፍራና ስም እንደሚሰጥ ያገኝ ነበር። እንግዲህ ከፊልጶስ አጠገብ የተቀመጠው ተማሪ ተስፋው በእጁ በያዘው መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎለት ሳለ፥ ገና ያልደረሰበት ሰው ነው። የመምህር ሥራም ይህ ነው፤ ተማሪው ስሙ ወደ ተጻፈበት ገጽ እስኪደርስ ድረስ አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት ማንበብ።

በማግሥቱ ለአባ፥ «ከጎኑ ተቀመጠ» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸውም፥ «እንግዲያማ ተነሥና ሂድ» አሉኝ።

ወደ ልጁ ቤት ሄድሁ። እናቱ በክብር ተቀበሉኝ፤ ልጁ ግን ከጓዳ አልወጣም። የእናቱ ንግግር ከተግሣጽ ሁሉ በረታብኝ። «መምህር፥ ልጄ ወደ እርስዎ የሄደው ማንበብ እችላለሁ እያለ ነበር። ሲመለስ፥ የእናንተ ፊደል እኔን አይወደኝም አለኝ» አሉኝ። እኔም በእናቱ አስተርጓሚነት፥ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። ንባቡ ትክክል እንደ ነበረ፥ የሳትሁት እኔ እንደ ሆንሁ፥ ፊደላችን ከግራ እንደሚጀምር አስቀድሜ ልነግረው ይገባኝ እንደ ነበር ገለጽሁለት።

በሚቀጥለው እሑድ መጣ። እኔም ዳዊትን ይዤ መዝሙር 118ን ገለጥሁ። ይህ መዝሙር 176 ቁጥሮች ያሉት ሆኖ፥ በየስምንቱ ተከፍሎ በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት የተደራጀ ነው። በእኛም ዳዊት በየክፍሉ ራስ ላይ አሌፍ፥ ቤት፥ ጋሜል እያለ ስማቸው በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ልጁ እነዚያን ስሞች አንድ በአንድ ስናነብለት ፊቱ በራ፤ የሚያውቃቸው ወዳጆቹ ነበሩና። በዚያ ቀን የእኛን አ እና በ ከእነርሱ አሌፍና ቤት ጋር እያስተያየ ለጓደኞቹ ያስረዳ እርሱ ሆነ። ከሦስት እሑድ በፊት የሳቁበት ልጆች ዙሪያውን ከበው ይጠይቁት ጀመር። እኔም በዚያ ቀን ከተማሪዎቹ መካከል ተቀመጥሁ።

ከዚህ ነገር የተማርሁትን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ መምህር ከማስተማሩ አስቀድሞ ተማሪው የት እንደ ደረሰ መጠየቅ አለበት። አዲስ ልጅ ሲመጣ ዛሬ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ስምህ ማን ነው? በቤት በምን ቋንቋ ትነጋገራላችሁ? ምን ማንበብ ትችላለህ? የሚከብድህስ ምንድር ነው? ይህ ጥያቄ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሳይጠየቅ ሲቀር ግን ልጅ ያሳጣል። በእውነቱ ከሆነ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤታችን ሁሉም በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣል እንጂ ሁሉም አንድ ገጽ አያነብም። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፥ ሁለተኛው አቡጊዳ ይላል፥ ሦስተኛው ወንጌል፥ አራተኛው ዳዊት ይደግማል። የቀደመው ለኋለኛው ያስጠናል፤ የኔታም እያንዳንዱን በየተራው ይሰሙታል። ሁሉን በአንድ ረድፍ አቁሜ በአንድ ድምፅ ማስጮሄ ከአባቶች ልማድ የወጣሁበት እንጂ ልማዱን የጠበቅሁበት አልነበረም።

ሁለተኛ፥ ፊደሉ አንድ ቢሆንም ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ብዙ ነው። በ1986 ዓ.ም. በእስፓኝ አገር በሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት መልእክተኞች ተሰብስበው፥ የአካል ጉዳት ያለባቸውም ሆኑ ሌሎች ልጆች ሁሉ በተራው ትምህርት ቤት ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲማሩ የሚጠይቅ መግለጫ አውጥተዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። ለእኛ ግን እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዲዲሞስ ገና በሕፃንነቱ ዓይኑ ጠፍቶ ሳለ፥ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በእጁ እየዳሰሰ እንደ ተማረ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ይህም ሉዊ ብራይል የዓይነ ስውራንን ጽሕፈት ከማዘጋጀቱ ከ1,400 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። እርሱም በቅዱስ አትናቴዎስ ዘመን የታላቁ ትምህርት ቤት መሪ ለመሆን በቃ። በአገራችንም በጎጃም የቅኔ መምህርት የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔን ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው፤ እርሳቸውም በተራቸው ለብዙዎች መምህር ሆኑ።

እነዚህን ስናነሣ ግን ራሳችንን ለማመስገን ብቻ መሆን የለበትም። እማሆይ ገላነሽ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ ደጅ መከፈቱ ብርቅ ስለ ነበረም ነው። አለንጋ ፈርተው ከትምህርት የኮበለሉ ልጆችም በየሰፈሩ ነበሩ። «ይህ ልጅ ቀለም አይገባውም» ተብሎ የተተወው ስንት እንደ ሆነ የቆጠረ የለም። ቀለም አልገባው ብሎ እንደ ሆነ ወይስ መንገዱ አልተገኘለት እንደ ሆነ ማን መረመረ? አሁን በእኛ ክፍል ዓይኗ የሚደክም አንዲት ልጅ አለች። በትልቅ ፊደል የተጻፈ ገበታ አዘጋጅተንላት ከፊት አስቀመጥናት፤ ዛሬ ከእኩዮቿ ጋር እኩል ታነባለች። ለረዥም ጊዜ መቀመጥ የማይችል አንድ ልጅም አለ። እርሱን መጻሕፍት እንዲያድልና ገበታውን እንዲይዝ አደረግነው፤ ቆሞም ይማራል። ያደረግነው ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው።

ሦስተኛ፥ ደጁ ለሚመለሰው ክፍት ይሁን። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ በዚህ ጉባኤ የለም። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፥ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርት አልገባው ቢል ተገሥጾና ተገርፎ ሸሸ። ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለም ትሏ ደጋግማ ወድቃ ደጋግማ ስትወጣ አይቶ ተመለሰ። እኛም ለልጆች ሁልጊዜ የምንነግራቸው ስለ ትሏ ትጋት ነው፤ መልካም ነው። መምህራን ግን በታሪኩ ውስጥ ስለ አንድ ሌላ ነገር ልናስብ ይገባናል። ያሬድ ሲመለስ አባ ጌዴዎን ተቀበሉት። ያን ጊዜ፥ «ቀድሞም ሰነፍ ነበርህ፤ ሂድ» ብለውት ቢሆን ኖሮ፥ ትሏ ስንት ጊዜ ብትወጣ ምን ይጠቅም ነበር? ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ የምንሰማው ያሬዳዊ ዜማ በተማሪው ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን፥ በዚያች ዕለት ባልተዘጋች አንዲት ደጅ በኩል ወደ እኛ ደረሰ።

ምናልባት ከአባቶች መካከል፥ «ሁሉን እንደ ፈቃዱ የምትቀበል ከሆነ ትምህርቱ አይላላምን? ንባብ አይበላሽምን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄበታለሁ። መልሴ ግን ይህ ነው። ልጁን መቀበል ማለት ስሕተቱን መቀበል ማለት አይደለም። ያ ልጅ ከቀኝ ወደ ግራ ማንበቡን እንዲቀጥል አልተውሁትም፤ ከግራ መጀመርን ተማረ፥ ዛሬ ውርድ ንባብ ይወጣል። ፊልጶስም ጃንደረባውን ባላስተዋለው ነገር ላይ ትቶት አልወረደም፤ ተርጕሞ አስረዳው፥ ውኃም ባገኙ ጊዜ አጠመቀው። አባ ጌዴዎንም ያሬድን ከዳዊት አላሰናበቱትም። መለኪያው አይቀነስም። የሚለወጠው መምህሩ የሚቆምበት ስፍራ ነው። ከላይ ቆሞ የሚያርም መምህር የሚያሳፍር ሆኖ ይገኛል፤ ከጎን ተቀምጦ የሚያርም ግን ያቀናል።

ይህንም ነገር ከእኛ ይልቅ ሊያውቀው የሚገባ ማኅበር የለም። አባቶቻችን በዴር ሡልጣን፥ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፥ በጠባብ ጎጆዎች በብርድና በፀሐይ ጸንተው ኖረዋል። ስፍራ ማጣት ምን እንደ ሆነ ከሌላ አንማርም። በዚህችው ከተማ በጽርሐ ጽዮን መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜም፥ ከየአገሩ የተሰበሰቡት ሁሉ በአንድ ቋንቋ እንዲሰሙ አልተገደዱም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ እንጂ። ዕብራይስጥ፥ ትግርኛና አማርኛ የሚነገርባት ያቺ ጠባብ ክፍላችን ከጽርሐ ጽዮን ሩቅ አይደለችም፤ ትምህርቷም ከዚያ ቢርቅ ያሳፍረናል።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት አንድ ነገር መሰወር አይገባኝም። የነገርኋችሁ ልጅ ተመልሷል። ነገር ግን በዚያው ዓመት፥ ከእርሱ በፊት፥ ሌላ ልጅ ነበር። ትግርኛ ብቻ የሚናገር፥ ከኋላ የሚቀመጥ፥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ቀረ። ዝምተኛ ስለ ነበር መቅረቱን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው፤ ባስተዋልሁም ጊዜ ሳልፈልገው ቀረሁ። በኋላ ልጠይቅ ስሄድ ቤተሰቡ ከዚያ ሰፈር ለቀው ነበር። ዛሬም ስም ስጠራ የእርሱን ስም አስቀድሜ በልቤ እጠራለሁ፤ የሚመልስልኝ ግን የለም። ስለ ተመለሰው ልጅ ስናገር ብታመሰግኑኝ፥ ስለዚህኛው ደግሞ እንድትጸልዩልኝ እለምናችኋለሁ።

ስለዚህ በዚህ በመቶኛው ዓመት በዓል ሦስት ነገር እንለምናለን። ከአባቶች፥ በወር አንድ እሑድ እንኳ ከልጆቹ መካከል መጥታችሁ እንድትቀመጡ፤ እንድታስተምሩ ብቻ ሳይሆን ሲያነቡ እንድትሰሙአቸው። ከሊቃውንት፥ በትልቅ ፊደል የተጻፉ ገበታዎችና አማርኛውን ከዕብራይስጥ ጋር የሚያስተያዩ መጻሕፍት በማዘጋጀት እንድትረዱን። ለበዓለ ትንሣኤ ከምትመጡት ምእመናንም፥ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ለአንዲት ሳምንት ቢሆን እንኳ ወደ ክፍላችን እንድትልኩአቸው። እንግዳ ነው ብለን አናስቀራቸውም። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተማሪ መንገደኛ ነበርና፤ መምህሩም በመንገድ ላይ አገኘው።

በሚመጣው መቶ ዓመት በዚህ ስፍራ የሚቆም መምህር፥ «በዚያ ዘመን ማንም ልጅ ከበር አልቆመም» ብሎ ለመናገር እንዲችል፥ እግዚአብሔር ለእኛ ወደ ሠረገላው የምንወጣበትን ትሕትና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።